ፒያኖው ላይ የሚተኛው ስልክ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በምሠራበት ቤት፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን የስልኩን እጀታ ፒያኖው ላይ የማስተኛው እኔ ነበርኩ። እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አነጥፋለሁ። ቁጥሩን የምደውለውም እኔ ነኝ፤ የምንከባከባቸው የእማማ ጣቶች የስልኩን ትንንሽ ቁልፎች ይስታሉ። የፒያኖውን ግን አይስቱም።

ከወዲያ፣ ከእንግሊዝ አገር፣ ጓደኛቸው ያነሣሉ። "አንቺ ነሽ? ደህና ዋልሽ?" ይሉኛል። እጀታውን አስተኝቼ ወደ ኋላ እላለሁ። እማማ ጠዋት በእርሳስ የጻፉትን ይጫወታሉ። ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቀን ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ከእጀታው የሚመጣው አንድ ቃል ነው፤ ወይ "አዎ" ወይ "እንደገና"። "አዎ" ከተባለ በነጋታው በእርሳሱ ላይ በቀለም ይጽፉበታል። "እንደገና" ከተባለ ላጲስ ይፈልጋሉ። ላጲሱ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ሁልጊዜም የማገኘው ከተቀመጡበት ትራስ ሥር ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። አባቴ ዲቪ ደርሶት ቀድሞ መጣ፤ ከዓመታት በኋላ ከደብረ ታቦር እኔን አስመጣኝ። እሱን ሥራ ወደ ሌላ ስቴት ሲወስደው እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ዘንድ ቀረሁ። ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ ይግላል፤ መልሱ የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ የገባሁትም ብዙ ወሬ የሌለበት መስሎኝ ነበር።

የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሴትዮዋ የሙዚቃ ደራሲ መሆናቸውን አልነገረኝም። እንግሊዛዊት ናቸው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ምሳ ላይ መድኃኒት አለ፤ በቃ ይኸው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሲጫወቱ ስሰማ ፒያኖው የተበላሸ መሰለኝ። ማታ ለአክስቴ ነገርኳት።

"ምስኪን። እያስጠገኑት ይሆናላ" አለችኝ።

በሳምንቱም ያው ነው፤ በወሩም ያው። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና፣ "እማማ፣ ይሄ ዜማ መቼ ነው የሚስማማው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እማማ" የምላቸው ስማቸውን ደፍሬ መጥራት ስላልቻልኩ ነው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ እሳቸውም ወደዱት።

"ለንደን ውስጥም እንዲሁ ብለው ጠይቀውኛል። አንቺ ግን በትሕትና ነው" አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "በሌላው ሙዚቃ አንዱ ድምፅ አባወራ ነው። ሌሎቹ ዞረው ዞረው ማታ እሱ ቤት ይገባሉ። በእኔ ሙዚቃ አሥራ ሁለቱም የፒያኖ ድምፆች እኩል ናቸው። የሚገቡበት ቤት የለም።"

"ታዲያ የት ያድራሉ?"

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጫወቱ በሩን አልዘጋም።

ስለ ጓደኛቸውም ቀስ በቀስ ሰማሁ። ሁለቱ አብረው የተማሩ ናቸው። ጓደኛቸው ቪዮላ ይጫወቱ ነበር፤ ቫዮሊን የሚመስል፣ ድምፁ ግን ወፈር ያለ መሣሪያ ነው። ያን ጊዜ ለእማማ መምህሮቻቸው፣ "ሴት ልጅ ለሕፃናት መዝሙር ትጻፍ፤ ይሄ የአንቺ ሥራ አይደለም" ይሏቸው ነበር። የመጀመሪያ ድርሰታቸው ማሞቂያ በሌለው አዳራሽ ሲቀርብ ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ወጣ። ጓደኛቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። "አንድ ሰው እስኪቀር ድረስ" አሉኝ እማማ። "ያ ሰው እኔ ነበርኩ።" ከዚያ ወዲህ ጓደኛቸው ያልሰሙት መስመር በቀለም አልተጻፈም። እጃቸው ቪዮላ መያዝ ሲያቅተው ጆሯቸው ቀረ፤ ጆሯቸውን ደግሞ ስልኩ ያመጣል።

በዚያ የጸደይ ወር እማማ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ጉልበት መሐል ተይዞ ለሚጫወቱት ለትልቁ ቼሎ የሚሆን ሥራ ይጽፉ ነበር። ሌላ እንደማይጽፉ በግልጽ ነግረውኛል። አራት ወጣት ተጫዋቾች ቅዳሜ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሊለማመዱት ቀጠሮ ይዘዋል። የቀረው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ነው። እማማ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ ስልኩ ጠራ። በዚያ ሰዓት ማንም አይደውልም። ሮጬ አነሣሁት። ወንድ ነው፤ ድምፁ ደክሟል።

"የጓደኛቸው ልጅ ነኝ" አለኝ። "እናቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች። አንቺ ትነግሪልኛለሽ? የምደውልላቸው ብዙ ናቸው። የእሳቸውን ድምፅ ከሰማሁ ደግሞ አልችልም።"

"እሺ" አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ።

እጀታውን ይዤ ቆምኩ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ፒያኖው ላይ ያቺ የመጨረሻ ገጽ አለች፤ ከላይ ጥቂት መስመር በቀለም፣ ከሥር በእርሳስ፣ ከዚያ ባዶ። አሥር ሰዓት ሲሆን ይነሣሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን "ደውዪልኝ" ይላሉ።

እናቴ ወንድሟ የሞተ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን እየመጡ አሳቋት፣ ራት በላች፣ ተኛች። ሊነጋጋ ሲል ነው አዛውንቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፍተው በራችንን ያንኳኩት። ግራ ቀኝ ይዘዋት ነበር፤ ብቻዋን አልወደቀችም። ከዚያ ሌላ መንገድ አላውቅም። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ቀኑ ሊመሽበት ሲል መርዶ አይነገረውም።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። ፎጣዎች ይዤ ወረድኩና ለአክስቴ ኮል አድርጌ የሆነውን ነገርኳት።

"በስልክ?" አለች አክስቴ። "የእናቱን መርዶ በስልክ? ለልጅ እግር ሠራተኛ?"

"ምን ላድርግ፣ አክስቴ? አሁን ሊነሡ ነው።"

"ብቻሽን እንዳትነግሪያቸው። አሮጊት ናቸው፣ ቀጥ ቢሉብሽስ? ዛሬ እዚያው እደሪ። ራት በደንብ ይብሉ። ከጽዋ ጓደኛዬ ጋር ጠዋት እንመጣለን።"

"ኤጀንሲው እንግዳ ማስገባት አይፈቅድም።"

"ኤጀንሲው ሰው አይሞትበትም? ሂጂ፣ ስልኩን አንድ ነገር አድርጊው።"

ወጣሁና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ፎጣውን አጠፍኩ። ፈታሁና ደግሜ አጠፍኩት፤ ሦስት ጊዜ።

እማማ ተነሥተው መጡ። በዚያ ቀን ፊታቸው ፈክቶ ነበር። "ዛሬ ጥሩ ነገር ይዣለሁ" አሉ። "ደውዪልኝ።"

"ስልኩ ድምፅ የለውም፣ እማማ።"

እጀታውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። "ብልሽቱ ከእኛ ነው ከእሷ?"

"ከእኛ ይመስለኛል። ነገ ይሠሩታል።"

"እንግዲያው በአንቺ ስልክ ደውዪልኝ። ከእናትሽ ጋር ታወሪበት የለ።"

"ቻርጁ አልቋል።"

ይህን እንዳልኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንዘር ጀመረ። አክስቴ ነች። እማማ የጆሮ መስሚያ የሌላቸው፣ በዚያ ዕድሜ የጎረቤት ሰዓት እንኳ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ኪሴን ተመለከቱ፤ ከዚያ ፊቴን። ነዘረ፣ ነዘረ፣ ቆመ። አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

አልጠየቁኝም። ወደ ፒያኖው ዞሩና፣ "ይሁን። ዛሬ ያለ እሷ" አሉ።

ያን ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ሲጽፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ሁልጊዜ የሚጽፉት ጠዋት ብቻ ነው። ይጫወታሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጫወታሉ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ድንች እልጣለሁ። አንዴ በአፋቸው አዜሙ፤ እንደዚያ ሲያዜሙ ሰምቼ አላውቅም። ደስታቸው በጨመረ ቁጥር እኔ ቢላውን አጥብቄ እይዛለሁ። ራት በደንብ በሉ። "ሜትሮው ችግር አለበት፣ እዚህ ልደር?" ስላቸው "ሶፋው ያንቺ ነው" አሉኝ። ብርድ ልብስ ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው።

አክስቴና የጽዋ ጓደኛዋ ጎሕ ሲቀድ መጡ። ላስገባቸው ወረድኩ። ከታች በር ላይ የሚቀመጠው ጥበቃ የእኛው ሰው ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ሲያያቸው መታወቂያ ሊጠይቅ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

"ማን ነው የሞተው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የእማማ ጓደኛ።"

"እሳቸው አልሰሙም?"

"አልሰሙም።"

"ነፍስ ይማር። ግቡ። እኔ አላየኋችሁም" አለና መዝገቡን ወደ ጎን ገፋው።

አክስቴ ሊፍት ውስጥ ለእኔም ነጠላ አለበሰችኝ። ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዛለች። "አንቺ ትናገሪያለሽ" አለችኝ። "እንግሊዝኛው ያንቺ ነው። እኛ ግራና ቀኝ እንቆማለን።"

ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከመክፈቴ በፊት ከውስጥ ተከፈተ። እማማ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል፤ የእግር ኮቴ ሰምተው ይሆናል። ሦስት ሴቶች፣ ነጭ ለብሰን፣ በዚያ ሰዓት፣ በራቸው ላይ። አክስቴን አይተዋት አያውቁም። ሳንነግራቸው በሩን ያዝ አደረጉና የጓደኛቸውን ስም ጠሩ። ጥያቄ አልነበረም።

"አዎ፣ እማማ" አልኩ።

አክስቴና ጓደኛዋ በሁለት ወገን ብብታቸውን ያዙና ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። አላለቀሱም። ከዚያ ዓይናቸው የተነቀለው ገመድ ላይ አረፈ።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ከትናንት ቀን ጀምሮ።"

"ገመዱን አንቺ ነሽ የነቀልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ትናንት ማታ እዘፍን ነበር" አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። "እሷ ሞታ፣ እኔ በገዛ ቤቴ እዘፍን ነበር። አንቺ ወጥ ቤት ቆመሽ ሰማሽኝ።"

"በአገራችን መርዶ ማታ አይነገርም። እንቅልፍ እንዲያገኙ ብዬ ነው።"

"እኔ የአገርሽ ሰው አይደለሁም።"

አክስቴ እጃቸውን እንደያዘች፣ "ምን አሉ?" አለችኝ።

"ተቆጥተዋል።"

"ይቆጡ። ዝም ቢሉ ነበር የምፈራው። ሻይ ቅጂላቸው።"

ቀዳሁ። አልጠጡም። "ያ ሌሊት የእኔ ነበር" አሉ። "ሳላውቀው ወሰድሽብኝ።" እናቴ አዛውንቶቹን፣ ያችን ሌሊት ስላስተኛችሁኝ እግዜር ይስጣችሁ ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ዓይነት ሌሊት ነበር። ለእሳቸው ግን መስረቅ ሆነ፤ የምመልስላቸውም መንገድ አልነበረም። ያባርሩኛል ብዬ ቦርሳዬ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ።

እንግዶቹ እንዲሄዱ ግን አልጠየቁም። አክስቴ ዳቦውን ቆርሳ እንደ ሕፃን ወደ አፋቸው አስጠጋች። እማማ ፊታቸውን አዞሩ። አክስቴ እጇን አልመለሰችም። እንደዚያ ተፋጠው ቆዩ፤ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። በመጨረሻ እማማ ጎረሱ። ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። አክስቴና ጓደኛዋ ቀኑ እስኪጋመስ ከጎናቸው ተቀምጠው ዋሉ። ሐዘን ቤት የሚቀመጥ ሰው እንደሚቀመጠው ተቀመጡ።

ከሄዱ በኋላ እማማ አልተኙም። አሥር ሰዓት ሲሆን ፒያኖው ጋ ሄዱ።

"ገመዱን ሰኪው" አሉኝ። ሰካሁት። "ፎጣውን አንጥፊ። እጀታውን አስተኚ።"

"ለማን ልደውል?"

"ለማንም አትደውዪ።"

አስተኛሁት። ከእጀታው፣ ሰው ከመደወሉ በፊት የሚሰማው ያ ወጥ ድምፅ ይወጣል። በላዩ ላይ ማታ የጻፉትን ተጫወቱ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ቆምኩ። ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ያ ወጥ ድምፅ ተቋረጠ። ቀጥሎ ስልክ ተከፍቶ ሲቆይ የሚጮኸው ያ ክፉ ጩኸት ጀመረ፤ ቤቱን ሞላው። እጀታውን ላነሣ ስዘረጋ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ሌላም ጥቂት ሰሙት።

"ይህን አትወደውም ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ዝጊው።"

ዘጋሁት። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ሲነዝር አውቄ ነበር" አሉኝ። "ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ አንድ ነገር እንዳለ ግን አውቄ ነበር። ልጠይቅሽ እችል ነበር። ገጿን መጨረስ ፈለግሁ።"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሥራ ላይ ሆኜ አጠገባቸው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

"'አዎ' አላለችኝም፤ 'እንደገና'ም አላለችኝም" አሉ ወረቀቱን እያዩ። "ምን ላድርገው?"

ቀለሙን አላነሡም። ገጿ በእርሳስ እንደተጻፈች ለተጫዋቾቹ ተላከች።

ቅዳሜ ይቀራሉ ብዬ ነበር። ጠዋት ስደርስ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ አገኘኋቸው። "አክስትሽ ሲልቨር ስፕሪንግ አይደል የምትኖረው?" አሉኝ። "ትምጣ። እሷ የእኔን ሐዘን ተቀምጣለች፤ የእኔን ሙዚቃ ደግሞ ትቀመጥ። ይከብዳታል።" በታክሲ ሄድን። የወንዙን ድልድይ ስንሻገር አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ሰኞ ልምጣ አልምጣ አላውቅም፤ መጠየቅም ፈራሁ።

አዳራሹ ውስጥ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። አራቱ ወጣቶች መሣሪያቸውን እየቃኙ ነበር። አክስቴ ዘግይታ መጣችና ከኋላዬ ተቀመጠች። ተጫዋቾቹ ጀመሩ። ትንሽ ቆይታ ትከሻዬን ነካችኝ።

"መቼ ነው የሚጀምሩት?"

"ጀምረዋል፣ አክስቴ።"

"ውይ። እኔ እየቃኙ መስሎኝ።"

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቪዮላ የያዘው ወጣት ቆም አለ። "ይሄ በእርሳስ ነው" አለ ወደ እማማ ዞሮ። "ይለወጣል ማለት ነው?"

"እንጃ" አሉ እማማ። "ተጫወቱት።"

ተጫወቱት። ፒያኖ ላይ ያውቀው የነበረው ጆሮዬ መጀመሪያ አላወቀውም። ቫዮሊኖቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ቼሎው ወደ ታች፣ ቪዮላው መሐል ላይ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ እሱም ያቆማል። ድንገት ነው የሚያበቃው። አራቱም የመሣሪያቸውን መምቻ ቀስት በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ቃል እየጠበቁ ነበር። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚመጣ ቃል እንደሌለ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

"አለቀ እንዴ?" አለች አክስቴ ከኋላዬ፣ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "ገና ጆሮዬን ሳቀና? እንደገና ይበሉት እንጂ።"

ሁሉም ዞረው አዩን። ፊቴ ጋለ። እማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምን አለች?"

ሙዚቃው አልገባትም ማለት እችል ነበር። ምንም አላለችም ማለትም እችል ነበር። ይህን ጊዜ ግን ቃሉን አላሳደርኩትም።

"'እንደገና' አለች" አልኳቸው።

እማማ አክስቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አክስቴም አየቻቸው፤ ምን እንዳጠፋች አታውቅም፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እማማ ወደ ተጫዋቾቹ ዞሩ።

"ሰምታችኋል" አሉ። "እንደገና።"

ልጆቹ ገጹን መልሰው ቀስታቸውን አነሡ። እማማ የራሳቸውን ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ የተቀመጡበትን ወንበር ዳበስ ዳበስ አደረጉና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ላጲሱን ስጪኝ" አሉኝ።